በአባልነት የሚገባባቸው የኢንተርኔት ኒውስግሩፖች አገልግሎትና አጠቃቀም

በኢንተርኔት አማካኝነት ሰዎች ሃሳብ ከሚለዋወጡባቸው ስልቶች መካከል ኒውስግሩፕ በመባል የሚታወቀው የውይይት አገልግሎት ረጅም ዕድሜ ካስቆጠሩት አንዱ ነው። አገልግሎቱ በአሁኑ ወቅት በስፋት ከሚታወቁት ድረ ገጾችና ማህበራዊ መገናኛዎች አስቀድሞ የተጀመረ ሲሆን፣ ተጠቃሚዎቹ ቢቀንሱም እስከ ዛሬ ድረስ ሥራውን ቀጥሏል።

ስያሜው የዜና ቡድን የሚል ትርጉም ቢኖረውም በውስጡ የሚገኘው በአብዛኛው ዜና ሳይሆን የተሳታፊዎች ጥያቄ፣ መልስና ክርክር ነው። እያንዳንዱ ቡድን የሚወያይበት የተወሰነ ርዕሰ ጉዳይ አለው። አንዱ ስለ ኮምፒውተር፣ ሌላው ስለ ሳይንስ፣ ሌላው ስለ አንድ ህዝብ ባህል ሊሆን ይችላል።

ቀደም ሲል የዩኒቨርሲቲዎች መገልገያ የነበረው ይህ አገልግሎት ከጊዜ በኋላ በአብዛኛው ተመዝግበው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ለተቀበሉ አባላት ብቻ የሚሰጥ ሆኗል። ይሁን እንጂ የይለፍ ቃሉ የትኛውን ነገር እንደሚጠብቅና የትኛውን እንደማይጠብቅ ሳይለይ የሚገባ ተጠቃሚ ለጥቂቶች የጻፈ መስሎት ለዓለም ሁሉ ሊጽፍ ይችላል። ይህ ጽሁፍ የአገልግሎቱን አመጣጥ፣ የመግቢያውን አሠራርና ተጠቃሚው ሊያደርጋቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎችን ይዳስሳል።

አመጣጡ

የኒውስግሩፖች መነሻ የሆነው ዩዝኔት የተሰኘው መረብ የታቀደው እ.ኤ.አ በ1979 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት ነው። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ፣ በዩኒክስ ሥርዓት የሚሠሩ ኮምፒውተሮች በስልክ መስመር እየተደዋወሉ መልዕክት የሚለዋወጡበትን ዘዴ ነደፉ። በቻፕል ሂል የሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ስቲቭ ቤሎቪን ደግሞ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ጻፈ። በ1980 መረቡ ለሌሎች ተቋማት ክፍት ሆነ።

አሠራሩ የቅብብሎሽ ነበር። አንድ ኮምፒውተር ሌላውን በስልክ ጠርቶ ያልደረሱትን መልዕክቶች ይቀበላል፤ የራሱንም ያስረክባል። ተቀባዩ በተራው ለሦስተኛ ያሳልፋል። በዚህ ሁኔታ አንድ መልዕክት ማዕከላዊ ተቆጣጣሪ ሳያስፈልገው በሁሉም ኮምፒውተሮች ዘንድ ቅጂው ይደርሳል።

መልዕክትን አጠራቅሞ በስልክ የማስተላለፍ ዘዴ ለአገራችንም እንግዳ አልነበረም። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፓዲስኔት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት የተባለውን መረብ በመጠቀም የኤሌክትሮኒክ መልዕክት አገልግሎት ሲሰጥ የቆየው በተመሳሳይ ስልት ነበር። ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ የተገናኘችው እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 1997 ነው።

የዩዝኔት መልዕክቶች በኢንተርኔት ላይ የሚተላለፉበት ኤንኤንቲፒ የተሰኘ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 1986 ይፋ ሆነ። በ1986 እና በ1987 ደግሞ ቡድኖቹ በስያሜ ተደልድለው ‹‹ኮምፕ›› ለኮምፒውተር፣ ‹‹ሳይ›› ለሳይንስ፣ ‹‹ሶክ›› ለማህበራዊ ጉዳይ፣ ‹‹ሬክ›› ለመዝናኛ እንዲሁም ሌሎች የመደብ ስሞች ተሰጧቸው። ለምሳሌ ‹‹ሶክ.ካልቸር.አፍሪካን›› የተባለው ቡድን ከማህበራዊ መደብ፣ በባህል ዘርፍ፣ ስለ አፍሪካ የሚወያይ መሆኑን ከስሙ መረዳት ይቻላል።

በቴክኖሎጂ ታሪክ ትልቅ ቦታ የተሰጣቸው ሁለት ማስታወቂያዎች የተላለፉትም በእነዚሁ ቡድኖች ነው። ኦገስት 6 ቀን 1991 ቲም በርነርስ ሊ ወርልድ ዋይድ ዌብ ስለተባለው ፕሮጀክቱ ‹‹አልት.ሃይፐርቴክስት›› በተሰኘው ቡድን ማብራሪያ አቀረበ። ኦገስት 25 ቀን 1991 ደግሞ የፊንላንዱ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ከጊዜ በኋላ ሊኑክስ የተባለውን ሥራውን ‹‹ኮምፕ.ኦኤስ.ሚኒክስ›› ለተሰኘው ቡድን አስታወቀ።

በሩ ለምን ተዘጋ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛው ተጠቃሚ የይለፍ ቃል አይጠየቅም ነበር። ሰርቨሩ ተጠቃሚውን የሚለየው ጥያቄው ከየትኛው ኮምፒውተር ወይም መረብ እንደመጣ በማየት ነው። የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ከሆነ ይፈቅዳል፤ ካልሆነ ይከለክላል። የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅቶችም ለደንበኞቻቸው አገልግሎቱን በዚሁ መንገድ ይሰጡ ነበር።

በየዓመቱ በሴፕቴምበር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱ አዳዲስ ተማሪዎች ወደ መረቡ ይገቡና ነባሮቹ ሥነ ሥርዓቱን ያስተምሯቸው ነበር። ከ1993 መጸው ጀምሮ ግን አዲስ ገቢው ዓመቱን ሙሉ በመቀጠሉ፣ ነባሮቹ ያን ጊዜ ‹‹ማለቂያ የሌለው ሴፕቴምበር›› ሲሉ ሰየሙት።

ሌላው ክስተት ለኢትዮጵያውያን አንባቢያን የሚታወቅ ጉዳይን ይመለከታል። ኤፕሪል 12 ቀን 1994 በአሪዞና ግዛት ይሠሩ የነበሩት ካንተርና ሲገል የተባሉ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ በአገራችን ዲቪ እየተባለ ስለሚጠራው የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ የአገልግሎት ማስታወቂያቸውን ከ5 ሺህ በሚበልጡ ኒውስግሩፖች ላይ በአንድ ጊዜ በተኑ። በወቅቱ ለዕጣው ማንም ሰው ያለ ክፍያ ራሱ ማመልከት ይችል ስለነበርና ማስታወቂያው ከቡድኖቹ ርዕስ ጋር ግንኙነት ስላልነበረው ከፍተኛ ቁጣ አስነሳ። ድርጊቱ ስፓም የሚባለው ያልተጠየቀ የንግድ መልዕክት በስፋት ከታየባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል።

ከዚያ ወዲህ ለማንም ክፍት የነበሩ ሰርቨሮች የስፓም መተላለፊያ እየሆኑ በመምጣታቸው የሰርቨር ባለቤቶች ተጠቃሚዎቻቸውን መመዝገብና የይለፍ ቃል መስጠት ጀመሩ። በሌላ በኩል አገልግሎቱን ለደንበኞቻቸው ያቀርቡ የነበሩ ድርጅቶች አንድ በአንድ ወጡ። አሜሪካ ኦንላይን በ2005 አቋረጠ። ማይክሮሶፍት በ2010 የራሱን ኒውስግሩፖች መዝጋት ጀመረ። አገልግሎቱ የተወለደበት የዱክ ዩኒቨርሲቲም ሜይ 20 ቀን 2010 ሰርቨሩን አጠፋ።

ጉግል በ2001 ደጃ ኒውስ በሚል ስም የተጀመረውን የዩዝኔት ማህደር ከተረከበ በኋላ፣ ማንም ሰው በድረ ገጹ በኩል እንዲያነብና እንዲጽፍ አድርጎ ነበር። ከፌብሩዋሪ 22 ቀን 2024 ጀምሮ ግን አዳዲስ የዩዝኔት መልዕክቶችን መቀበልና ማስተላለፍ አቁሟል፤ የቀድሞዎቹ መልዕክቶች ብቻ ለንባብ ቀርተዋል። በመሆኑም ዛሬ በውይይቱ መሳተፍ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው በአንድ ሰርቨር ዘንድ አባል መሆን ይኖርበታል። በክፍያ የሚሠሩ ድርጅቶች ያሉ ሲሆን፣ ‹‹ኢተርናል ሴፕቴምበር›› የተሰኘው ሰርቨር ደግሞ ለተመዘገቡ ሰዎች የጽሁፍ ቡድኖችን በነጻ ያቀርባል። ስሙን የወሰደውም ከላይ ከተጠቀሰው የ1993 ክስተት ነው።

አባልነቱ የማን ነው

ተጠቃሚው ከሁሉ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው ጉዳይ የአባልነቱን ዓይነት ነው። በዚህ ረገድ ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች አሉ።

የመጀመሪያው የሰርቨር አባልነት ነው። የይለፍ ቃሉ ተጠቃሚው ወደዚያ ሰርቨር እንዲገባ የሚያስችል እንጂ ቡድኖቹን የሚዘጋ አይደለም። ሁኔታውን ብዙ በሮች ካሉት የስብሰባ አዳራሽ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በእያንዳንዱ በር ላይ መታወቂያ የሚጠይቅ ጥበቃ አለ፤ አዳራሹ ግን አንድ ነው። በአንዱ በር የገባ ሰው የተናገረውን በሌሎቹ በሮች የገቡት ሁሉ ይሰሙታል። በተመሳሳይ ሁኔታ በአንድ ሰርቨር በይለፍ ቃል ገብቶ ለህዝብ ቡድን የተጻፈ መልዕክት በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ሌሎች ሰርቨሮች ይሠራጫል።

ሁለተኛው በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ የሚገኙ የውስጥ ቡድኖች አባልነት ነው። አንድ ድርጅት፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም የሙያ ማህበር ለራሱ ሰዎች ብቻ ቡድን ሊያቋቁምና ለሌሎች ሰርቨሮች እንዳይተላለፍ ሊያደርግ ይችላል። እዚህ ላይ የይለፍ ቃሉ የውይይቱን ምስጢራዊነት በእርግጥ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ አንድ መልዕክት በአንድ ጊዜ ለውስጥ ቡድንና ለህዝብ ቡድን ከተላከ ወደ ውጭ ሊወጣ ስለሚችል፣ ከመላክ በፊት የተቀባይ ቡድኖችን ዝርዝር መመልከት አስፈላጊ ነው። የቡድኑን ዓይነት በእርግጠኝነት የማያውቅ ተጠቃሚ የሰርቨሩን ኃላፊ መጠየቅ ይኖርበታል።

የመግቢያው ቅደም ተከተል

አባል የሆነ ሰው ወደ አገልግሎቱ ለመግባት አምስት መረጃዎች ያስፈልጉታል። እነዚህም የሰርቨሩ አድራሻ፣ የፖርት ቁጥር፣ የግንኙነቱ የምስጠራ ዓይነት፣ የተጠቃሚ ስም እና የይለፍ ቃል ናቸው። ሰርቨሩ ምዝገባው ሲጠናቀቅ እነዚህን መረጃዎች ለአባሉ ያሳውቃል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ኒውስግሩፕ ማንበቢያ ሶፍትዌር ነው። ቀደም ሲል በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ይገኝ የነበረው አውትሉክ ኤክስፕረስ ለዚህ ሥራ ያገለግል የነበረ ቢሆንም ከጥቅም ውጭ ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሞዚላ ተንደርበርድ የተሰኘው የኢሜይል ሶፍትዌር ኒውስግሩፖችንም ያነባል። ፓን የተባለው ሶፍትዌርም ለዚሁ ዓላማ የተዘጋጀ ነው። አሠራሩ በጥቅሉ እንደሚከተለው ነው።

1. በሶፍትዌሩ ውስጥ አዲስ የኒውስግሩፕ መዝገብ መክፈት። በዚህ ወቅት የሚሞሉት ስምና የኢሜይል አድራሻ በእያንዳንዱ መልዕክት ላይ ለሁሉም እንደሚታዩ ማወቅ ያስፈልጋል።

2. የሰርቨሩን አድራሻ ያለ ስህተት መጻፍ።

3. የምስጠራውን ዓይነት መምረጥና የፖርት ቁጥሩን ማስተካከል። ያልተመሰጠረ ግንኙነት የተለመደው ፖርት 119፣ ከመነሻው የተመሰጠረ ግንኙነት ደግሞ 563 ነው።

4. ሰርቨሩ ሁልጊዜ ማንነት እንዲጠይቅ የሚያደርገውን ምርጫ ምልክት ማድረግ። አንዳንድ ሰርቨሮች ስም ላልሰጠ ተጠቃሚ ጥቂት ቡድኖችን ብቻ ስለሚያሳዩ፣ ይህን ያላደረገ አባል የሚፈልገውን ቡድን ሊያጣው ይችላል።

5. የቡድኖቹን ዝርዝር ማውረድና የሚፈለጉትን መምረጥ።

ሶፍትዌሩ ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ የሚካሄደው ንግግር አጭር ነው። ሰርቨሩ በቅድሚያ የሰላምታ መልዕክት ይልካል። ሶፍትዌሩ የተጠቃሚውን ስም ያቀርባል፤ ሰርቨሩ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ቃሉ ሲደርሰው ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ይህ አሠራር ለብዙ ዓመታት በልማድ ሲሠራበት ቆይቶ እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2006 ራሱን የቻለ መደበኛ ሰነድ ወጥቶለታል።

የሰርቨሩ የቁጥር ምላሾች

ሰርቨሩ ምላሹን የሚሰጠው በሦስት አሃዝ ቁጥር ነው። መግባት ያልቻለ ተጠቃሚ ቁጥሩን አይቶ የችግሩን ምክንያት ሊለይ ይችላል። በብዛት የሚያጋጥሙት የሚከተሉት ናቸው።

200 - ግንኙነቱ ተሳክቷል፤ ማንበብም መጻፍም ይቻላል።

201 - ግንኙነቱ ተሳክቷል፤ መጻፍ ግን አይፈቀድም። ማንነቱን ገና ያላሳወቀ ተጠቃሚ ይህን ምላሽ ሊያገኝ ይችላል።

480 - ለተጠየቀው አገልግሎት ማንነትን ማሳወቅ ያስፈልጋል።

381 - ስሙ ደርሷል፤ የይለፍ ቃል ይቅረብ።

281 - ማንነቱ ተረጋግጧል፤ ተጠቃሚው ገብቷል።

481 - ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም።

483 - ግንኙነቱ አልተመሰጠረም፤ ሰርቨሩ በዚህ ሁኔታ አያስተናግድም።

502 - አገልግሎቱ ለዚህ ተጠቃሚ አልተፈቀደም። አንዳንድ ሰርቨሮች የይለፍ ቃል ስህተት ሲኖርም ይህንኑ ቁጥር ይልካሉ።

411 - የተጠየቀው ቡድን በዚህ ሰርቨር ላይ የለም።

441 - መልዕክቱን መላክ አልተሳካም።

481 በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ተጠቃሚ የአቢይና የንዑስ ፊደላት ልዩነትን፣ እንዲሁም የይለፍ ቃሉን ሲገለብጥ ከመጨረሻው ባዶ ቦታ አብሮ አለመግባቱን ማረጋገጥ ይገባዋል። የቁልፍ ሰሌዳው ወደ አማርኛ መጻፊያ ተቀይሮ መቅረቱም ሌላው ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ማንበብና መጻፍ

ተጠቃሚው አንድን ቡድን ሲመርጥ ሶፍትዌሩ ‹‹ተመዘገቡ›› የሚል ትርጉም ያለው ቃል ይጠቀማል። ይህ ግን በአብዛኛው ቡድኑ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ባለው ዝርዝር ውስጥ ገባ ማለት ብቻ ነው። በቡድኑ የአባላት መዝገብ ላይ ስሙ አይሰፍርም፤ ሌሎች ተሳታፊዎችም ማን እንደሚያነብ አያውቁም። ስለሆነም በቡድኑ የሚታወቁት የጻፉት ብቻ ሲሆኑ፣ የሚያነቡት ስንት እንደሆኑ ማንም በትክክል ሊናገር አይችልም።

መልዕክቶች በየርዕሳቸው ተያይዘው ይቀርባሉ። መልስ ለመስጠት ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንደኛው ለቡድኑ ሁሉ፣ ሁለተኛው በኢሜይል ለጸሐፊው ብቻ ነው። ለግል የታሰበ መልስ በስህተት ለቡድኑ እንዳይሄድ ከመላክ በፊት ተቀባዩን መመልከት ይገባል። አዲስ ገቢ ተጠቃሚ ለተወሰነ ጊዜ አንብቦ የቡድኑን ልማድ ከተረዳ በኋላ ቢጽፍ ይመረጣል። ብዙ ቡድኖች በተደጋጋሚ ለሚነሱ ጥያቄዎች መልስ የያዘ ሰነድ አዘጋጅተዋል። አዲሱን ሶፍትዌር ለመሞከር ብቻ የሚጻፍ መልዕክት ደግሞ እንደ ‹‹አልት.ቴስት›› ላሉ ለሙከራ ለተዘጋጁ ቡድኖች መላክ አለበት።

አንዳንድ ቡድኖች አወያይ አላቸው። ለእነዚህ የተላከ መልዕክት ወዲያውኑ አይወጣም፤ በቅድሚያ ለአወያዩ ደርሶ ሲጸድቅ ብቻ ይሠራጫል። በመሆኑም መልዕክቱ ዘግይቶበት ደጋግሞ መላክ አያስፈልግም። ሰርቨሮች የቆዩ መልዕክቶችን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሊያስወግዱ እንደሚችሉም መታወቅ አለበት።

የአማርኛ ጽሁፍን በተመለከተ ቀደም ባሉት ዓመታት መረቡ በአብዛኛው የላቲን ፊደላትን ያስተናግድ ስለነበር ኢትዮጵያውያን በ1990ዎቹ ቋንቋቸውን በላቲን ፊደል ለመጻፍ የተለያዩ ስልቶችን ቀይሰዋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ በ1999 የዩኒኮድ መለያ ካገኘ ወዲህ ችግሩ ተቃሏል። እ.ኤ.አ በ2006 የተሻሻለው ኤንኤንቲፒም ዩቲኤፍ-8 የተሰኘውን የፊደል አጻጻፍ መደበኛው አድርጓል። በአማርኛ የሚጽፍ ተጠቃሚ የሶፍትዌሩን የፊደል ምርጫ ወደ ዩቲኤፍ-8 ማስተካከል ይኖርበታል።

ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

በፖርት 119 ምስጠራ በሌለበት ግንኙነት የተላከ የይለፍ ቃል እንደ ተጻፈ፣ ሳይደበቅ ነው የሚጓዘው። በመንገዱ ላይ ያለ ሰው ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ በተቻለ መጠን የተመሰጠረ ግንኙነት መጠቀም፣ ካልተቻለም ለኢሜይል ወይም ለባንክ የሚያገለግለውን የይለፍ ቃል በፍጹም ለዚህ አለማዋል ያስፈልጋል። በኢንተርኔት ካፌ ወይም በጋራ ኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው የይለፍ ቃሉ በማሽኑ ላይ እንዲቀመጥ መፍቀድ የለበትም።

ምስጠራው የሚጠብቀው ከተጠቃሚው እስከ ሰርቨሩ ያለውን መንገድ ብቻ ነው። መልዕክቱ ወደ ህዝብ ቡድን ከገባ በኋላ ለማንም ክፍት ነው። ከጽሁፉ በላይ ባለው የአድራሻ ክፍል የጸሐፊው ስምና ኢሜይል የሚታዩ ሲሆን፣ አንዳንድ ሰርቨሮች ጸሐፊው የተጠቀመበትን የኮምፒውተር የኢንተርኔት ቁጥር ጭምር ያሰፍራሉ።

የተላከን መልዕክት መሰረዝም አስተማማኝ አይደለም። የስረዛ ትዕዛዝ መላክ የሚቻል ቢሆንም፣ ቀደም ሲል ሌሎች ሰዎች በጸሐፊው ስም አስመስለው የሰውን መልዕክት ይሰርዙ ስለነበር ብዙ ሰርቨሮች ትዕዛዙን አይቀበሉም። ማህደሮችም መልዕክቶችን ያቆያሉ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረው ሄንሪ ስፔንሰር ከ1981 ጀምሮ ለአስር ዓመታት ያህል በቴፕ ያስቀመጣቸው መልዕክቶች በ2001 በጉግል አማካኝነት ለህዝብ ቀርበዋል። በ1980ዎቹ ለጥቂት ባልደረቦቻቸው የጻፉ ተማሪዎች ጽሁፋቸው ከሃያ ዓመት በኋላ በዓለም ዙሪያ እንደሚፈለግ አልጠበቁም ነበር።

በኒውስግሩፖች ውስጥ ከሚተላለፈው መረጃ በመጠን ትልቁ ጽሁፍ ሳይሆን ፋይል ነው። ከፋይሎቹ መካከል የቅጂ መብትን የሚጥሱና ኮምፒውተር የሚያበላሹ ስለሚገኙ፣ ምንጩ ያልታወቀ ፋይል ማውረድ አይመከርም።

በጥቅሉ የአባልነት የይለፍ ቃል የሰርቨሩን በር ከማያውቁት ሰው ይጠብቃል፤ ውይይቱንም ከስፓም በመጠኑ ይከላከላል። በህዝብ ቡድን ውስጥ የተጻፈን ቃል ግን አይደብቅም፤ አይመልስምም። በመሆኑም ተጠቃሚው ወደ አንድ ቡድን ሲገባ ከይለፍ ቃሉ ጋር አብሮ ሊያረጋግጠው የሚገባው ጉዳይ ቡድኑ የውስጥ ይሁን የህዝብ የሚለው ነው። የህዝብ ከሆነ ስሙን አስፍሮ በአደባባይ ለመናገር የማይደፍረውን ነገር ባይጽፍ ይመረጣል።